አክተሩ ዝም ሲል፦ ስለ መጨረሻው ‹ሚሽን ኢምፖሲብል› የተነሣ ክርክር

መነሻ ጽሑፌ

እንዴት ሰነበታችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፤ ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? አንድ ፊልም ካየሁ ሦስት ቀን ሆነኝ፤ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፍላችሁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የወጣውን የሰላዮቹን ተከታታይ ፊልም፣ ስምንተኛውንና የመጨረሻውን ‹ሚሽን ኢምፖሲብል›፣ ዘግይቼም ቢሆን አየሁት። 169 ደቂቃ ይፈጃል። የመጀመሪያው፣ የ1996ቱ፣ 110 ደቂቃ ነበር። ለአንድ ሰዓት አንድ ደቂቃ ብቻ የጎደለው ጭማሪ ነው። ይኼ ሁሉ ጊዜ የት ገባ ብዬ ሳስበው መልሱ አንድ ሆነብኝ፦ ወሬ ውስጥ።

የመጀመሪያውን ያየሁት ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን ቪዲዮ ቤት ነው። ግድግዳው በሸራ የተሸፈነ፣ አግዳሚው ከጣውላ የተመታ፣ ቴሌቪዥኑ በቁልፍ በሚዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቤት። ትርጉም የለ፣ ከሥር የሚነበብ ጽሑፍ የለ። ከመሃላችን እንግሊዝኛ የሚሰማ አንድ ሰው እንኳ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሆኖም አክተሩ፣ ቶም ክሩዝ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲአይኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የስለላ ድርጅት፣ ምስጢሩን ወደሚያስቀምጥበት ነጭ ክፍል ሲወርድ ቤቱ ጸጥ አለ። ወለሉን መንካት እንደማይችል፣ ድምፅ ማሰማት እንደማይችል፣ የክፍሉ ሙቀት እንኳ ከፍ ማለት እንደሌለበት ማንም ሳይነግረን ገባን። ላቡ በመነጽሩ ላይ ተንሸራቶ ጫፉ ላይ ሲንጠለጠል ከፊቴ የተቀመጠው ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ወደ አፉ የወሰደው የገብስ ቆሎ እጁ ላይ ቀረ። ጠብታዋን በመዳፉ ሲቀልባት ቤቱ ሙሉ በአንድ ላይ ተነፈሰ።

አዲሱ ላይ ግን ጀግኖቹ ክብ ሠርተው ቆመው ዓለም ልትጠፋ መሆኑን አንዱ ጀምሮት ሌላው እየጨረሰው ይነግሩናል። የድሮዎቹን ፊልሞች ቁርጥራጭ እያስገቡ ያስታውሱናል። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት እንዲህ አለቀ። እናንተስ እንዴት አገኛችሁት? ፊልሙ ነው የደከመው ወይስ እኔ ነኝ?

ምላሾቹ

በሁለት ቀን ውስጥ 33 ምላሽ መጣ። በየቁጥራቸው እየጠቀስኩ ምን እንደተባለ ልንገራችሁ። ፊልሙን ገና ያላየ ሰው ካለ እዚህ ላይ ያቁም፤ ከታች ማን እንደሚሞት ይነገራል።

1ኛው ከሸዋ ሮቢት ነው። በሙቀቱ ምክንያት ውጭ አልጋ ላይ ተኝቶ በስልኩ ሲያይ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። በሦስተኛው የነቃው አክተሩ ባሕር ውስጥ ገብቶ የሰመጠውን የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ ሲከፍት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። እንዳልኩት ነው ብሎ ተስማማ።

2ኛው በትሕትና ጀምሮ ሞገተኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ተከታታይ ፊልም ሲዘጋ የተበተነውን ክር መሰብሰብ ግዴታው ነው አለ፤ ማስረጃውንም አመጣ። በዚያ ነጭ ክፍል ይሠራ የነበረውን የሲአይኤ ሠራተኛ አስታውሱት። ቡናው ውስጥ መድኃኒት ተጨምሮበት ሆዱን ይዞ ሲሮጥ ቪዲዮ ቤቱ ሙሉ ስቆበት ነበር። አለቃው ወደ አላስካ አባረረው፤ እኛም ረሳነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ያው ሰው፣ ያው ተዋናይ፣ ፀጉሩ ሸብቶ አላስካ ውስጥ ተገኘ። ሚስት አግብቷል፣ ቂም አልያዘም። ያኔ ከነጩ ክፍል ጣሪያ ወድቃ ጠረጴዛው ላይ የተተከለችውን ቢላዋም አስቀምጧታል። ጸሐፊው እዚህ ጋ እንዳለቀሰ ነግሮናል።

ይኼን ሳላነሣ ማለፌ ጥፋት ነበር፤ በውይይቱ ላይም ይቅርታ ጠይቄበታለሁ። ከፊልሙ ሁሉ ሰው ሰው የሚሸትተው ታሪክ የእሱ ነው። ግን ደግሞ የኔንም ነገር ያጸናል። ያቺ ቢላዋ ስትወጣ የ1996ቱን ክፍል ያየ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ አስረጂ አያስፈልጋትም። እንዲህ ማስታወስ ከተቻለ ያ ሁሉ የድሮ ቁርጥራጭ ለምን አስፈለገ?

3ኛው ዳይሬክተሩን ወቀሰ። ስምንቱንም አንድ ሰው ነው የሠራቸው፣ አርጅቶ ነው አለ። 4ኛው ወዲያው አረመው፤ ትንሽ ቆጣ ባለ አነጋገር፣ ግን ያለው ሁሉ ልክ ነው። የመጀመሪያውን ብራያን ዲ ፓልማ፣ የ2000ውን ጆን ዉ፣ የ2006ቱን ጄ.ጄ. ኤብራምስ፣ የ2011ዱን ብራድ በርድ ሠሩት፤ ክሪስቶፈር መኳሪ የያዘው ከ2015ቱ ጀምሮ የወጡትን አራቱን ነው። 3ኛው ተመልሶ በ5 ቁጥር አመሰገነ። እንዲህ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል።

ከ6 እስከ 9 ያሉት ገንዘብ ላይ ነው የዋሉት። ከመንዝ የጻፈው ወንድም የፊልሙ ወጪ ከ300 እስከ 400 ሚሊዮን ዶላር እንደሚገመት አንብቦ አንጀቱ እንዳረረ ይናገራል። በዚህ ገንዘብ ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት እንደሚወጣ እያሰበ ፊልሙን በሰላም ማየት አልቻለም። 7ኛው ገንዘቡ ከኛ ኪስ አልወጣ፣ ምን አንገበገበህ ብሎ መለሰለት፤ ፊልሙ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ስላስገባ ባለቤቶቹ 200 ሚሊዮን ማትረፋቸውንም ጨመረበት። ሂሳብ ሠራተኛ እንደሆነች የገለጸችው 8ኛዋ እህት በእርጋታ አስረዳችው። ያ ገንዘብ በሙሉ ለሠሪው አይገባም፤ ሲኒማ ቤቶቹ ትልቅ ድርሻ ያነሣሉ፣ የማስታወቂያው ወጪም ለብቻው ነው። የ2018ቱ በ178 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ 791 ሚሊዮን ገደማ ማስገባቱን አስቀመጠችና ትርፍ ማለት ይኼ ነው አለች። ወጪው እጥፍ ሲሆን ገቢው ቀነሰ። 9ኛው ደግሞ መንሸራተቱ የጀመረው በ2023ቱ በሰባተኛው ላይ መሆኑን አስታወሰ። በወጣ በዘጠነኛው ቀን ሁለት ትልልቅ ፊልሞች ተከትለውት መጡና ግዙፎቹን ስክሪኖች ተነጠቀ። ያ ፊልም ክፍል አንድ ተብሎ የወጣ ነበር፤ ቀጣዩ ግን ክፍል ሁለት የሚለውን ስም ጥሎ በሌላ ስም መጣ። የመንዙ ሰው ቁጭት ከልብ እንደሆነ ይገባኛል፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ አስተያየት ግን ለጥያቄዬ ይቀርባል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ተመልካች አልገባኝም እንዳይል ይፈራል፤ የሚፈራ ደግሞ ነገር ይደጋግማል።

10ኛው ላይ አየሩ ተለወጠ። ተወላጅነቱ የዚሁ አገር ሆኖ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው። በስልክና በፍላሽ እያያችሁ ለግዙፍ ስክሪን የተሠራን ፊልም ልትፈርዱ አትችሉም ብሎ ቁጭ አደረገው። እሱ ሲኒማ ቤት ገብቶ ነው ያየው፤ አክተሩ ድርብ ክንፍ ካላት አሮጌ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ሲንጠለጠል ወንበሩን ጨብጦ ነበር። ያ ትዕይንት ደቡብ አፍሪካ ሰማይ ላይ፣ በእውነተኛ አውሮፕላን የተሠራ ነው፤ ነፋሱ የሰውየውን የጉንጭ ቆዳ ወደ ኋላ ሲጎትተው በትንሽ ስልክ አይታይም ይላል።

ከዓለም ከተማ የመለሰው 11ኛው አልማረውም። ሲኒማ ቤት የሌለበት አገር ያለ ሰው ዓይን የለውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ፍላሽ ላይ ለማስጫን ገንዘብ ከፍሎ፣ ቤቱ ወስዶ ቢከፍተው ሲኒማ ቤት ውስጥ ተደብቆ የተቀረጸ ቅጂ ሆኖ አገኘው፤ የሰው ጭንቅላት ሁሉ ፊት ለፊት ይተላለፋል። ባለሱቁ አልመልስም አለው። እሱ ይኼን ሁሉ ተቀብሎ ያየውን ፊልም በስክሪን ስፋት የሚንቅበት ሰው ሲመጣ ደሙ ፈላ። በንዴቱ መሃል ደግሞ ሉተር ሲሞት ማልቀስ ስክሪን አይመርጥም ብሎ ጻፈ።

ጠቡ የተነሣው እዚህ ጋ ነው። ያላየ አንድ ልጅ በ12 ቁጥር ጮኸ። ከ1996 ጀምሮ በስምንቱም ላይ ከአክተሩ ጋር የዘለቀው ሉተር ብቻ ነው፤ እሱ መሞቱን በሰው ጠብ መሃል መስማቱ አንገበገበው። 11ኛው በ13 ቁጥር ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ፊልሙ ከወጣ ስንት ጊዜው፣ እስካሁን ምን ትሠራ ነበር አለው። ያልተገባ ቃልም ጨመረ፤ እኔ እዚህ አልደግመውም። በኔ ፍርድ እውነቱ ከልጁ ጋር ነው። ፊልም በየሰዉ እጅ በአንድ ቀን አይደርስም፤ ይኼን ከዓለም ከተማ የጻፈው ሰው ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። በ14 ቁጥር ገብቼ ሁለቱም ረጋ እንዲሉ ለመንኩ። ለአዲስ አበባው ደግሞ ያ ነጭ ክፍል በ21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ መስመር በሚጥል ካሴት፣ እስትንፋሳችንን እንደያዘው ነገርኩት።

15ኛው ምላሽ ከሁሉም በላይ የቆየብኝ ነው። የጻፈችው እህት የአንኮበር ልጅ ናት፤ ለዓመታት ዱባይ ሰው ቤት ሠርታለች። የ2011ዱን አራተኛውን ፊልም ያየችው የአሠሪዎቿ ልጆች ሳሎን ከፍተውት፣ እሷ ምንጣፍ እየጠረገች ነው። አክተሩ 828 ሜትር የሚረዝመውን ቡርጅ ኸሊፋን በውጭ በኩል በጓንት እየተለጠፈ ይወጣል። ጓንቱ ላይ ያለው መብራት ሰማያዊ ሲሆን ይይዛል፣ ቀይ ሲሆን ይለቃል። አረብኛውም እንግሊዝኛውም ገና አልገባትም ነበር፤ መብራቱ ቀይ ሲሆን ግን መጥረጊያውን ጥላ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ልጆቹ ዞረው አይተው ሳቁባት። እነሱ ያላወቁት ነገር ነበር። በዚያው ሰሞን የፎቁን መስኮት በውጭ በኩል እንድትወለውል ታዝዛ፣ በግራ እጇ የመስኮቱን ብረት ጨብጣ፣ በቀኟ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወደ ውጭ ተንጠልጥላ ነበር። ፀሐይ የዋለበት መስታወት መዳፍ ይለበልባል፤ እርጥብ እጅ ደግሞ ብረት አይዝም። ስለዚህ ያ ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃለች። አዲሱን ፊልምም አይታዋለች፤ እንደዚያ መዳፏ ውስጥ የገባ ነገር ያገኘችው ሰርጓጅ መርከቡ ላይ ብቻ ነው። መርከቡ እየተንከባለለ ሲሄድ፣ ውሃው ከወለል ወደ ግድግዳ ሲዞር፣ ሰውየው የቱ ጋ ሊቆም እንደሚችል አብራው እየፈለገች ነበር።

16ኛው እታለም እያለ አጽናናት፤ 17ኛው አንድ ቃል ሳይጨምር ደግፎት አለፈ። ለጥቂት ሰዓት ማንም የጻፈ የለም። 11ኛውና 12ኛው ጠባቸውን አልቀጠሉም።

ከዚያ ወሬው ሳይታሰብ ወደ ደብረ ሲና ወረደ። 18ኛው ሞተር ብስክሌት ያለው ወጣት ነው። በ2023ቱ ፊልም አክተሩ ኖርዌይ ውስጥ ከነሞተሩ ገደል ዘልሎ በጃንጥላ የሚወርድበትን ትዕይንት አነሣና የኛ የምኒልክ መስኮት ከዚያ ገደል በምን ያንሳል አለ። 19ኛው ልጁ እንዳይሞክረው ሰግቶ ረዘም አድርጎ ጻፈለት። ያ ዝላይ የተቀረጸው በሥራው የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ሰውየው ከዚያ በፊት በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ከአውሮፕላን እየዘለለ፣ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ በሞተር እየዘለለ ሠልጥኗል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ስድስት ጊዜ ደጋግሞታል። እንዲያ ሠልጥኖም ሰው ነውና በ2017 ለንደን ላይ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል፤ የተሰበረበትም ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ ገብቷል። 20ኛው ለጭላዳዎቹ ተቆረቆረ፤ በሞተር ድምፅ አትረብሿቸው አለ። 21ኛው ጣርማ በር ላይ የፊልም ሰው ቢመጣ ጭጋጉ ካሜራውን ይውጠዋል ብሎ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ ሲያልፍ የገጠመውን ተረከ። 22ኛው ስለ ፊልሙ ምንም ግድ የለውም፤ በማግሥቱ ወደ ከሚሴ ስለሚነዳ ጭጋጉ ዛሬም እንዳለ ጠየቀ። 23ኛው ከጧቱ ሦስት ሰዓት በፊት እንዳይወጣ መከረው።

ወደ ፊልሙ የመለሱን ጋሼ ብለን የምንጠራቸው ሰው ናቸው፤ 24 ቁጥር የሳቸው ነው። ሰላይን ጀግና አድርጎ ማየት ከመጀመሪያውም አልዋጥ እንዳላቸው ጻፉ። በደርግ ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ ለሳቸው ሰላይ ማለት ጆሮ ጠቢ ነው፣ በር ሥር ቆሞ የጎረቤቱን እራት ወሬ የሚያደምጥ። 25ኛው በአክብሮት ባሻይ አውዓሎም ሐረጎትን አነሣላቸው። የጣሊያን ሰላይ መስሎ ለራስ አሉላና ለምኒልክ የሠራ፣ ጄኔራል ባራቲየሪን በተሳሳተ ወሬ ወደ ዐድዋ ተራሮች የሳበ ሰው ነው፤ ስለላ ለማን እንደሚሠራ ይለያያል አለ። ዘመኑን 1896 ብሎ ስለጻፈ 26ኛው በኛ አቆጣጠር 1888 መሆኑን አስገባ። ጋሼ መልስ አልሰጡም፤ ግን ምላሹን እንደወደዱት ምልክት አደረጉበት።

27ኛው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነው፤ ጥያቄዬን በትክክል የመለሰልኝ እሱ ነው። ጠላቱን ተመልከቱ ይላል። በሁለቱ የመጨረሻ ፊልሞች ጠላቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ፊት የለው፣ እጅ የለው፣ የሚቆምበት ቦታ የለው። ዓይን የማያየውን ነገር ካሜራ ሊያሳየን ስለማይችል ሰዎቹ ቆመው ሊያወሩልን ተገደዱ። በ1996ቱ ጠላት የነበረው አንድ ወለል፣ አንድ ጠብታ ላብ፣ አንድ ድምፅ ነው፤ ሦስቱም ይታያሉ፣ ይሰማሉ። አዲሱም ፊልም ነፍስ የሚዘራው ጠላቱ ውሃና ብርድ ሲሆን፣ ወይም ነፋስና ከፍታ ሲሆን ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ወሬ በዛ ብዬ ያማረርኩትን ልጁ ከሥሩ መንግሎ አሳየኝ።

28ኛው በዚህ አልተስማማም። ፊት የሌለው ጠላት ለኛም እንግዳ አይደለም አለ። የአጎቱን ልጅ ቴሌግራም የሰረቀ ሰው በሱ ስም ለቤተሰቡ እየጻፈ ገንዘብ አስልኳል፤ እናቱ ከልጄ ጋር ነው የማወራው ብለው ነው ያላቸውን አሟጠው የላኩት። እንዲህ ያለውን በአንድ ቤተሰብ ታሪክ ማሳየት ሲቻል ፊልሙ ስለ ዓለም መንግሥታት ማውራቱ ነው ጥፋቱ። ልብ በሉ፣ ተቃወመ እንጂ መድረሻው ከ27ኛው ብዙ አይርቅም።

29ኛው በአማርኛ እየተተረከ የሚቀርበውን ቅጂ ስላየ ምንም ወሬ እንዳልበዛበት ጻፈ። 30ኛው ተራኪው የራሱን ጨምሮ ስለሚናገር ያ ሌላ ፊልም ነው ብሎ አጣጣለው፤ በዚህም ትንሽ ተነካኩ። እኔ ተራኪዎቹን አልነቅፍም፤ እናቶቻችንን ከፊልም ጋር ያስታረቁ እነሱ ናቸው። 31ኛው የአዲስ አበባው ሰው ነው። ስለ ስክሪን ያለውን ነገር አላነሣም፤ የአንኮበሯን እህት ስለ ጻፈችው አመሰገነና ሰርጓጅ መርከቡ ላይ እሱም እንደሷ እንደነበረ ብቻ ገለጸ። በ32 ቁጥር 11ኛው ልጁን ስለ ሉተር ይቅርታ ጠየቀው፤ ልጁ እስካሁን አልመለሰለትም።

33ኛው፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ ያው የሸዋ ሮቢቱ ሰው ነው። ክርክሩን ሲያነብ ውሎ እሑድ ለት ስልኩን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ፊልሙን ለእናቱ ከፈተላቸው። እትዬ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ እሱም አንዲት ቃል ላለመተርጎም ወሰነ። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ቡና ቆሉ፣ ወቀጡ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ጭሱን አራገቡ፤ ወደ ቴሌቪዥኑ የተመለከቱት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ጀበናው ለሁለተኛው ተጥዶ ሳለ አክተሩ ጨለማው ባሕር ውስጥ ገባ። እትዬ በርጩማቸውን ሳብ አደረጉ። መርከቡ ሲንከባለል ማራገቢያቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ። ሰውየው የመጥለቂያ ልብሱን አውልቆ በዚያ ብርድ ራቁቱን ወደ ላይ ሲወጣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ይወጣል ወይስ አይወጣም ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። አልነገራቸውም። ቶናው ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው ድረስ ጀበናውን ያየ ሰው አልነበረም።